ራያና ቆቦ፦ የገዢና የተገዢ ታሪክ

ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ ሲነበብ፣ የቆላው ሕዝብ ብቅ የሚለው ሲሸፍት ወይም ሲቀጣ ነው። በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር «ራያና ቆቦ» ይባል የነበረው አውራጃ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በላስታ ተራሮችና በአፋር በረሃ መካከል የተዘረጋው ይህ የማሽላ ሜዳ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የተገናኙበት፣ ገበሬውና አርብቶ አደሩ ሲገበያዩ የኖሩበት ምድር ነው።

አገሩ ከጥንትም በቀላሉ የሚገብር አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ በእደ ማርያም በአካባቢው ይኖሩ በነበሩት ዶብዓዎች ላይ ዘመቱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኦሮሞዎች ሲሰፍሩ ሕዝቡ ተዋሐደ፤ የግብርና የሹመት ጥያቄ ግን አልተፈታም።

በ1921 ዓ.ም. ራያና አዘቦ በአመጽ ተነሣ። አመጹን እንዲያበርዱ የታዘዙት የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ግን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተቃቃሩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመሩት ሠራዊት ጋር ገጥመው ወደቁ። አውሮፕላንም በዚያ ጦርነት ቦምብ ጣለ።

ፋሽስት ኢጣሊያ በወረረች ጊዜ ይህን ያልሻረ ቁስል አገኘችው፤ ጠመንጃና ብርም አደለች። በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ የነበሩት የአንቺሙ ድል አድራጊ ራስ ሙሉጌታ በአዘቦዎች ጥቃትና በአውሮፕላን ድብደባ መካከል ከነልጃቸው አለቁ። መጋቢት 22 ቀን፣ ከአንቺም ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። የተሸነፈው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ከሰማይ ቦምብና መርዝ፣ ከጎን የራያና የአዘቦ ጥይት ጠበቀው።

ይህን «ክህደት» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። የወራሪን ጠመንጃ አንሥቶ በወገን ላይ መተኮስ የሚያስወቅስ መሆኑም አይታበልም። ይሁን እንጂ በ1935 ዓ.ም. የወያኔ አመጽ ሲቀጣጠል ራያና አዘቦ እንደገና ከተሰላፊዎቹ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ ጠመንጃ የሚያድል ኢጣሊያዊ አልነበረም፤ እንዲያውም በ1936 ዓ.ም. መባቻ አመጹን ለማፈን የበረሩት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናቸው። ጠላት ቁጭቱን ተጠቀመበት እንጂ አልፈጠረውም።

ስለዚህ መምህሩ ማይጨውን ሲያስተምር ከአንቺም ይጀምር። ተውኔት ጸሐፊውም የአሸንጌን ተኳሽ መድረክ ላይ ሲያወጣ፣ በእጁ ያለውን ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በልቡ ያደረውን ቂም ምክንያት ጭምር ያሳየን። ሕዝብን ማወደስም ሆነ መኮነን ከማወቅ በኋላ ይመጣል።