ከአኩፋዳ ወደ ፖሊቴክኒክ

በጣና ዙሪያ ተወልዶ ፊደል የቈጠረና ዳዊት የደገመ ልጅ፣ አባቱ ሞፈርና ቀንበር ሊያወርሰው፣ እናቱም ከደኅና ቤት ልጅ ልታጭለት በሚመክሩበት ሰሞን፣ ሌሊት ተነሥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ከቤት ይጠፋ ነበር። እንዲህ ያለው ኩብለላ በወላጅ ዘንድ ሐዘን ቢሆንም በአገሩ ዘንድ ነውር አልነበረም፤ ስለ ትምህርት የኰበለለውን ልጅ የማያውቀው መንደር ያሳድረዋል፣ ያላየችውም እናት ታበላዋለች። ዛሬ ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ ሻንጣውን ይዞ የሚወርደውን ወጣት ስናይ አዲስ ነገር የምናይ ይመስለናል እንጂ፣ ወጣቱ በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ዕድሉን ፍለጋ ሲመላለስ ዘመናት አልፈዋል።

መንገዱን የሚወስነው የሚሻው ትምህርት ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ጉባኤያት፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ያቀናል፤ ድጓ የፈለገ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ አቋቋም የፈለገም ወደ ጎንደር ይሄዳል። ወንዙን የሚሻገረው ከሐይቁ በሚወጣበት ዘንድ በደንገል ታንኳ፣ አለዚያም ከጢስ ዓባይ አጠገብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው።

ከየኔታ ደጅ የደረሰ ተማሪ ሣርና እንጨት ለቅሞ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ዐቅም ቢያንሰው ከቀደሙት ጋር ይዳበላል። ከዚያም ዱላውን ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እንጀራና ቆሎ ይለምናል። በቅኔ ቤት የኔታ ማታ ቅኔውን ቈጥረው፣ ምሥጢሩን አብራርተው፣ ተማሪውን ያሰናብቱታል፤ እርሱም በማግሥቱ ወደ ጫካ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገብቶ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና፣ ሲመሽ የቋጠረውን ከመምህሩ ወይም ከረዳታቸው ከአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ቢሳሳት ይታረማል፣ ቢደግመው ይወቀሳል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪሞላ ድረስ ጥቂት ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። በዚህ መካከል ከጓደኞቹ አንዳንዱ በበሽታ ይሞታል፣ አንዳንዱም ናፍቆት አሸንፎት ወደ እርሻው ይመለሳል። ሥርዐቱ ለወንዶች የተሠራ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሆኖም ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ በዚያው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ማስተማራቸው፣ ችሎታው በጾታ ያልተወሰነ ለመሆኑ በቂ ምስክር ነው።

ዕድሜው ወደ ሃያ ሲቃረብ ግን የኑሮው ጥያቄ ከቅኔው ይልቅ ይከብድበታል። ዲያቆን የሆነ እንደ ሆነ ከቅስና በኋላ ጋብቻ ስለማይፈቀድ፣ ቅስናውን ከመቀበሉ አስቀድሞ በሕግ ማግባት ይገባዋል፤ ዓለምን የናቀ ደግሞ ሴት ወደማትረግጣቸው የጣና ደሴት ገዳማት፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተሻግሮ ይመነኩሳል። የብዙዎቹ ምኞት ግን ከእነዚህ ይልቅ ወደ ምድር የቀረበ ነበር፤ በአንድ ደብር መሪጌታ ተብሎ መሬት መቀበል፣ ጎጆ መውጣት፣ የኰበለለባቸውን ወላጆቹንም በክብር ተመልሶ መጦር።

ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ፣ በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ፣ በባሕር ዳር፣ ሌላ ደጅ ተከፈተ። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተመሠረተ፤ ቀጥሎም የጢስ ዓባይ ውሃ መብራት ይሰጥ ጀመር። ዳዊት ከደገመው ትውልድ የተወለደው ወጣት በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ፣ በኤሌክትሪክና በጨርቃ ጨርቅ፣ በኬሚስትሪና በእርሻ መካኒክ ይሠለጥን ዘንድ ከሶቪየት መምህራን ፊት ተቀመጠ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ያዩትን የተማሪ ኑሮ በልቦለዳቸው ባለታሪክ በበዛብህ አስመስለው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነውና፣ የቆሎ ተማሪው በመጽሐፍ ሕያው ሆኖ ሲወጣ ተከታዩ በባሕር ዳር የማሽን ዘይት ይጠርግ ነበር ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅም መንገዱ ተገለበጠ፤ ቀድሞ ከገጠር ትምህርት ፍለጋ ይወጣ የነበረው ወጣት አሁን ያስተምር ዘንድ ወደ ገጠር ተላከ።

የመምህራን ማሠልጠኛ የነበረው አካዳሚና ፖሊቴክኒኩ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ ተመርቆ ሥራ የሚጠባበቀው ወጣት ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ወር በገባ ቍጥር ኪራይ ሲያስብ፣ ወደ ቤቱ ባዶ እጁን መመለስ ሲያፍር እናየዋለን። ረኃብንና የውሻ ንክሻን የሚያመሰግን የለም፣ እኔም አላመሰግንም፤ ነገር ግን የቀድሞው ማኅበረሰብ የወጣቱን የመሸጋገሪያ ዘመን የራሱ ዕዳ አድርጎ፣ ሳያውቀው ይመግበው ነበር። እኛ ትምህርት ቤቱን በእጅጉ አሰፋን፤ ያን ዕዳ ግን በወላጅና በወጣቱ ላይ ብቻ ጣልነው፤ በዚህ ነገር ከአባቶቻችን አንሰናል።

አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ተማሪነት ዘመናቸው የተረኩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ስላሳተሙልን የዚያን ዘመን ተማሪ በቅርብ እናውቀዋለን። የፖሊቴክኒኩ የመጀመሪያ ተማሪዎች ግን ዛሬ ወደ ሰማንያው ዓመት ተጠግተዋል፤ ምን ይበሉ እንደ ነበር፣ የት ይከራዩ እንደ ነበር፣ ምን ይመኙ እንደ ነበር እነርሱ ይጻፉልን፤ መጻፍ የደከማቸውንም ልጆቻቸው ወረቀት ይዘው ይጠይቋቸው።