መሣሪያው የማን ነበር?

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚወሳው የድምፃውያኑ ስም ነው። ከድምፃዊው ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ የሚደክመው የሙዚቃ ጓድ በምን ሁኔታ ይኖር እንደነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዋልያስ ባንድ አመጣጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝበት ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደም ባለው ዘመን የአዲስ አበባ ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዙንም መለከቱንም የሚቀበለው ከመንግሥት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተከለለ ሲሆን፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን አጥር ተሻግሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማውጣቱ ለግል ጥረት በር ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ከመንግሥት ጓድ የወጣ ሙዚቀኛ ወዲያው የራሱ ጌታ አልሆነም። በምሽት ክበቦቹ ውስጥ ኦርጋኑም፣ ጊታሩም፣ ድምፅ ማጉያውም የባለቤቱ ንብረት ነበሩ። ከባለቤቱ ጋር ያልተስማማ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ባንድ የሚባለውም ነገር በዚያው ይበተናል። ከልጅነቱ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ውስጥ ያደገው ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስን ሲያቋቁሙ ከሌሎቹ የተለዩት፣ ኃይሉ ራሱ እንደሚያስታውሰው፣ መሣሪያውን በራሳቸው ገንዘብ በመግዛታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ከሒልተን ሆቴል ጋር የተዋዋሉት እንደ ተቀጣሪ ግለሰቦች ሳይሆን እንደ አንድ አካል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከማናቸውም የዜማ ፈጠራ የማያንስ የኪነት ታሪክ ክንውን ነው።

የመድረኩ ሥራ ቀላል አልነበረም። ከ1974 ወዲህ የሰዓት እላፊ በመታወጁ፣ ወደ ክበብ የገባ ታዳሚ በሩ ከተዘጋ በኋላ እስኪነጋ መውጫ የለውም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ድምፃዊ ይህን ሁሉ ሰዓት ሊሸፍን አይችልም። ስለዚህ ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ እየወሰደ፣ ሕዝቡ በቃል የሚያውቀውን ዜማ ያለ ቃል ያዜም ጀመር። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚመረመርበት ዘመን ቃል አልባ ሙዚቃ የራሱ ነፃነት እንደነበረውም መዘንጋት አይገባም። በ1977 በካይፋ አሳታሚነት የወጣው «ቸ በለው» የዚህ የሌሊት ልምምድ ፍሬ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበት ይኸው ሸክላ፣ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነውን «ሙዚቃዊ ስልት»ንም ይዟል። ቃል አልባ ሙዚቃን የእራት ማጀቢያ ብቻ አድርገው የሚመለከቱ ሰዎች የመላከ ገብሬን ቤዝና የተማረ ሐረጉን ከበሮ ብቻ ለይተው ቢሰሙ ይበቃል፤ እንዲህ ያለ መተማመን በስቱዲዮ ውስጥ በአንድ ቀን አይገኝም።

በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ ከፊሎቹ ሲመለሱ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ባንዱም በዚህ ተከፈለ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ፣ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ለብዙ ዓመታት ኖረ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ እስኪመልሰው ድረስ፣ በአየር ማረፊያው ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ እያወጣ ይለማመድ ነበር።