ማኅበራዊ ድርጅት ከመመሥረት ማሳደግ ለምን ይከብዳል? የኢትዮጵያ ተወላጆች በእስራኤል

ማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪ የሚባለው ለትርፍ ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡን ችግር ለማቃለል ብሎ ሥራ የሚያቋቁም ሰው ነው። አንዷ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆችን የምታስጠናበት ቦታ ትከፍታለች። ሌላው ዕብራይስጥ ለከበዳቸው አረጋውያን ደብዳቤ የሚያነብና መሥሪያ ቤት አብሯቸው የሚሄድ አገልግሎት ይጀምራል። ሌላዋ ደግሞ እናቶችን አሰባስባ እንጀራ እየጋገሩ ደመወዝ የሚያገኙበትን መንገድ ታበጃለች። በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆች ይኖራሉ፤ ከመካከላቸው እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው አልጠፋም። ሥራው የሚቆመው ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ሠላሳ ልጅ የሚያስጠናው ማዕከል ሦስት መቶ ልጅ ልቀበል ሲል ገንዘቡም፣ ወረቀቱም፣ የሚያውቀው ሰውም ያጥረዋል።

ይህ በእስራኤል ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ኤኮዊንግ ግሪንና ብሪጅስፓን የተባሉ ሁለት ድርጅቶች በ2020 አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ለኤኮዊንግ ግሪን ድጋፍ ካመለከቱት መካከል ጠንካራ የተባሉትን ሲያነጻጽሩ፣ በጥቁሮች የሚመሩት ድርጅቶች ገቢ በነጮች ከሚመሩት በአማካይ በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለተወሰነ ፕሮጀክት ያልታሰረው፣ ድርጅቱ እንደ ፈቃዱ የሚያዝበት ሀብት ደግሞ በ76 በመቶ ያንሳል። ይበልጥ የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። የቤት ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያና ድጋፍ በዘገየበት ወር የሚከፈለው ደመወዝ የሚወጣው ከዚህ ገንዘብ ነውና። እሱ የሌለው ድርጅት ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት እየዘለለ ይኖራል እንጂ አያድግም። ጥናቱ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ትውውቅ ነው፤ ለጋሾች የሚሰጡት ለሚያውቁት፣ ወይም የሚያውቁት ሰው ለመሰከረለት ነው።

በእስራኤልም ብዙ በር የሚከፈተው በትውውቅ ነው። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የገቡ ወላጆች ልጅ፣ ባንክ ውስጥ አጎት ወይም በለጋሽ ድርጅት ቦርድ ላይ የአባት ጓደኛ የለውም። በሠራዊትና በዩኒቨርሲቲ ያፈራቸው ወዳጆች ቢኖሩትም፣ እነሱም ገና እንደ እሱ ጀማሪዎች ናቸው።

ከትውውቅ ቀጥሎ የሚመጣው ወረቀት ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው በ1980ው የማኅበራት ሕግ መሠረት ዓሙታ ሆኖ ነው። ለመመሥረት ሁለት ሰው ይበቃል። ነገር ግን ከመንግሥትም ሆነ ከብዙ ለጋሾች ገንዘብ ለማግኘት የሚጠየቀው «ኢሹር ኒሁል ታኪን»፣ ማለትም የመልካም አስተዳደር ማረጋገጫ፣ የሚሰጠው ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ነው። እስከዚያ ዓሙታው ሰነዶቹን በደንቡ ማቅረቡን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ይዞ ይጠብቃል። የሚኒስቴር ድጋፍ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ወጪ አይሸፍንም፤ ዓሙታው የራሱን ድርሻ ማዋጣት አለበት። ለአስተዳደር የሚወጣውም ገንዘብ ጣሪያ አለው። ሐሳቡ ብክነትን ለመከላከል ቢሆንም፣ የሒሳብ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ያጣው ትንሽ ዓሙታ ሪፖርቱን መሥራቹ ሌሊት ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል።

በዚህ ላይ ዓሙታ ትርፍ ማከፋፈል ስለማይችል ባለሀብት ድርሻ ሊገዛበት አይችልም። ተራ ኩባንያ ድርሻ መሸጥ ይችላል፤ የመንግሥት ድጋፍና ግብር የሚቀንስ ልገሳ ግን ለእሱ አይደለም። እንጀራ ሸጣ ለእናቶች ደመወዝ የምትከፍለው ሴት በሁለቱ መካከል ትቆማለች፤ ለለጋሹ ነጋዴ ትመስላለች፣ ለባንኩ ደግሞ ማኅበር።

ባንክ ብድር ለመስጠት መያዣና ዋስ ይጠይቃል። በ1990ዎቹ ብዙ ቤተሰቦች መንግሥት በሰጠው ልዩ ማሽካንታ ቤት የገዙት ዋጋ ዝቅ ባለባቸው ከተሞችና ሰፈሮች ስለነበር ያ ቤት እንደ መያዣ ሲቀርብ ግምቱ ያንሳል። ዕቁብ ግን አለ። ሃያ ሰዎች በወር 1,000 ሸቅል ቢጥሉ ባለተራው 20,000 ሸቅል በእጁ ይገባል፤ ወለድ የለበትም፣ ዋስትናውም መተማመን ነው። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች በእስራኤል ስለሚጥሉት ዕቁብ በ2009 ጽፈዋል። ምድጃ ለመግዛት ወይም የመጀመሪያውን ኪራይ ለመክፈል ከዕቁብ የተሻለ ነገር የለም። ነገር ግን በ2019 ሥራ የጀመረው የእስራኤል ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ዕቁብን አያውቀውም። ሃያ ዓመት አንድ ተራ ሳያጓድሉ የጣሉ ሴት፣ ከማንም የማያንስ ታማኝነታቸው በባንኩ ኮምፒውተር ላይ አይታይም።

ልጅ ወላጁን «ዋስ ሁነኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። የዓሙታ ዕዳ የዓሙታው ነው፤ አባላቱ ከኪሳቸው አይከፍሉም። በግል ዋስትና የፈረመ ሰው ግን ዓሙታው ቢዘጋም ተጠያቂ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱን ከመፈረም በፊት ከባንኩ ጋር ጉዳይ የሌለው የሕግ ባለሙያ በአማርኛ ቢያስረዳ ይሻላል።

ሌላው እንቅፋት ስም ነው። ለጋሾች በኢትዮጵያ ተወላጅ ለሚመራ ድርጅት ገንዘብ ሲሰጡ ብዙ ጊዜ «ለኢትዮጵያውያን ውህደት» ብለው ነው። አገልግሎቱ ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ይስፋ ሲባል ያ በጀት ያልቃል፤ ለሁሉም የተመደበው በጀት ደግሞ ቀድሞ የሚታወቁትን ትልልቅ ድርጅቶች ይጠብቃል። እንዲያም ሆኖ የዘለቁ አሉ። በ2000 የተመሠረተው ጠበቃ የተባለው ድርጅት ለኢትዮጵያ ተወላጆች የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቷል።

ለጀማሪዎች የተከፈቱ በሮችም አሉ። በ1990 በኢየሩሳሌም ከወለድ ነጻ ብድር መስጠት የጀመረው፣ ዛሬ ዖጌን የሚባለው ተቋም ለትንንሽ ንግዶችም ያበድራል። የኢኮኖሚ ሚኒስቴር የማዖፍ ማዕከላት በቅናሽ ዋጋ የንግድ ምክር ይሰጣሉ።

የዕድሜ ባለጸጎችም የሚሞሉት ቦታ አለ። ለዓሙታ የሚለግስ ግለሰብ በገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 46 መሠረት ከልገሳው 35 በመቶ ከግብሩ ሊታሰብለት ይችላል። ለዚህ ግን ዓሙታው ቢያንስ ሰባት አባላት ሊኖሩት ይገባል፤ አብዛኞቹም እርስ በርስ ዘመዳሞች መሆን የለባቸውም። እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይህ አስቸጋሪ ሊመስል ይችላል። ሕጉ ዘመድ የሚለው ግን እንደ ትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅና ወንድም ያለውን የቅርብ ሥጋ ነው። አባል ለመሆን ደግሞ ዲግሪም ሆነ ሀብት አይጠየቅም።