የቢራ ቤቶች ዜና

በ1967 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ጥር፣ ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ፤ በሌሎች 29 ላይ ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። በዚያው የውርስ ዘመን፣ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲጠምቅ የኖረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራና የሰበታው ሜታ አቦ ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ሃይማኖትን በጥርጣሬ የሚያይ ሥርዓት ጊዮርጊስንና አቦን ደመወዝተኛ አደረገ ማለት ነው። ሐረርና በደሌም ኋላ በመንግሥት ገንዘብ ተሠሩ።

ደርግ ወደቀ። በ1986 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ አዋጅ ወጥቶ የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ቆመ። ኤጀንሲውም ከትንሹ ጀመረ፤ ሱቁንና ሆቴሉን በጨረታ አወጣ።

ከዚህም በኋላ፣ በፈረንጆች 1998፣ ቢጂአይ የተባለው የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ጊዮርጊስን በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በገበያውም የበላይ ሆነ። የቀሩትን ሦስቱን ግን መንግሥት ከ10 ዓመት በላይ ይዟቸው ቆየ። ይህን መዘግየት ስንፍና ብሎ የሚጽፍ ቢኖር ፍርዱ የተቻኮለ ነው። በዚያ መካከል ከተማው ሰፋ፣ ጠጪው በዛ፤ የቢጂአይንም ሲሳይ ባሕር ማዶ ያሉ ጠማቂዎች አዩ። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. የሆላንዱ ሃይኒከን ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2004 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የእንግሊዙ ዲያጆ ለሜታ ብቻ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ጊዮርጊስ ከተሸጠበት ዋጋ ከ22 እጥፍ በላይ!

ሃይኒከን በቂሊንጦ አዲስ ፋብሪካ ተከለ፤ ዋልያንም ጠመቀ፤ ከአርሲ ገበሬ የቢራ ገብስ መግዛት ያዘ። ለአገር የተረፈው ይህ ነው፤ የሽያጩ ዶላርማ አንዴ ገብቶ የሚያልቅ ገንዘብ ነበር።

ዲያጆ ግን አልቀናውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ። በፈረንጆች 2020 ኩባንያው በሂሳብ መዝገቡ የኢትዮጵያ ንብረቱን ዋጋ ቀነሰ፤ በ2014 ዓ.ም.፣ እንደገና በዘመነ ማርቆስ፣ ሜታን ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። መንግሥት ለሁለት ገዢዎች ለያይቶ የሸጣቸው ጊዮርጊስና ሜታ በአንድ ባለቤት ሥር ተገናኙ። ሻጩ በጨረታው ቀን ዋጋውን አጥብቆ ጠየቀ፤ ገዢው ነገ ለማን መልሶ እንደሚሸጥ መጠየቁ ግን ለፉክክር ይበጅ ነበር። ሜታን ከመግዛቱ ቀደም ብሎ የማይጨውን ራያ ቢራ የጠቀለለውም ይኸው ቢጂአይ ነው።