ማኅተም ያጣው ጎብሊን

«አሜዚንግ ስፓይደር ማን» የተባለው የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔት 96ኛ ቁጥር «ሜይ 1971» የሚል ቀን ታትሞበት ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው እንደ ቀድሞው 15 ሳንቲም ነበር። ጀግናውም ያው ቀይና ሰማያዊ ልብስ የሚለብሰው የሸረሪት ሰው ነው። የጎደለችው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነች። በሽፋኑ ላይ እንደ ቴምብር ተለጥፋ ትታይ የነበረችው፣ የኮሚክስ ደንብ ባለሥልጣን ማጽደቁን የምትመሰክረው ማኅተም የለችም። በተከታዮቹ በ97ኛውና በ98ኛው ቁጥርም የለችም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴምብር የምታህል ማኅተም ብትቀር ምን ይደንቃል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ማኅተሟን የተነፈጉት ወጣቶችን ስላባለጉ አልነበረም፤ ከአደንዛዥ ዕፅ ራቁ ብለው ስለመከሩ ነው። እንዲመክሩ የጠየቀውም ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ነበር። መንግሥት «ተናገሩ» ያለውን የአሳታሚዎች ማኅበር «አትናገሩም» ያለበትን ይህን እንግዳ ነገር ለመረዳት ወደ ኋላ 17 ዓመት መመለስ ያስፈልጋል።

ፍርሃት የወለደው ደንብ

በ1954 ፍሬድሪክ ዎርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም «ሴዳክሽን ኦፍ ዘ ኢኖሰንት» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር የሥዕል ታሪኮች ልጆችን ወደ ወንጀልና ወደ ብልግና ይመራሉ የሚል ነው። በዚያው ዓመት የወጣቶችን ጥፋት የሚመረምረው የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ኒውዮርክ ላይ ተቀምጦ ምስክር ሰማ፤ ዎርታምም ቃሉን ሰጠ። የወላጆች ቁጣ ነደደ፤ መጽሔቶቹ በየቦታው ተሰብስበው እስከ መቃጠል ደረሱ። አሳታሚዎቹም ሕግ ሳይወጣብን ራሳችንን እንቅጣ አሉ። ማኅበር መሠረቱ፤ ደንብ ጻፉ፤ እያንዳንዱን ገጽ ከመታተሙ በፊት የሚያይ ባለሥልጣን አቋቋሙ።

ደንቡን ዛሬ ላነበበው ሰው ግርምት ያጭራል። በማናቸውም ታሪክ መልካም ክፉን ማሸነፍ አለበት። ዳኛ፣ ፖሊስና ባለሥልጣን ክብራቸውን በሚቀንስ መልክ አይሣሉም። ለወንጀለኛ የሚያሳዝን ታሪክ አይጻፍም። ደም መጣጭ የሙታን መንፈስ፣ ተኩላ የሚሆን ሰው፣ ሬሳ በላ ጭራቅ ከነጭራሹ አይታሰብም።

ሳንሱር ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን ቶሎ የሚታየን የመንግሥት ቢሮ ነው፤ በ1985 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ የምናውቀው ሳንሱር ያ ነበርና። የአሜሪካኖቹ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ማኅተሟን ያልያዘ መጽሔት ያሳተመ ሰው አይታሰርም። ዳሩ ግን ጅምላ አከፋፋዩ ጥቅሉን ሳይፈታ ይመልስበታል። በአስፈሪ ታሪኮቹ የታወቀው አሳታሚ ዊልያም ጌንስ ከዚህ ደንብ ጋር መኖር ስላቃተው የኮሚክስ ሥራውን ዘግቶ «ማድ» የተባለውን የቀልድ መጽሔቱን ብቻ ይዞ ቀርቷል። እንግዲህ ነጋዴ ነጋዴን ሲጠብቅ ዳኛም ወኅኒም አላስፈለገም።

ጭምብል የለበሰው አባት

የሸረሪት ሰው በ1962 በደራሲው ስታን ሊና በሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ሲፈጠር ከቀደሙት ጀግኖች የሚለየው በድህነቱና በጭንቀቱ ነበር። ፒተር ፓርከር የሙት ልጅ ነው፤ የቤት ኪራይና የአክስቱ ጤና ያሳስበዋል። ባላንጣዎቹም እንዲሁ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ብዙዎቹ በሥራቸው ላይ ሳሉ አደጋ ያገኛቸው ወይም ምኞት ያሳታቸው ሰዎች ናቸው። ባለ አራት ሰው ሠራሽ ክንዱ ዶክተር ኦክቶፐስ ተመራማሪ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን በ1964፣ በ14ኛው ቁጥር ብቅ ያለው ግሪን ጎብሊን ነው። ጎብሊን በአውሮፓውያን ተረት ተንኮለኛና አስቀያሚ ፍጡር ነው፤ ይህኛው አረንጓዴ ጭምብል አጥልቆ በበራሪ መሣሪያ ላይ ቆሞ በዱባ መልክ የተሠራ ቦምብ ይወረውራል። ማንነቱ ለሁለት ዓመት ያህል ለአንባቢ ምስጢር ሆኖ ቆየ። በ1966 ጭምብሉ ሲወልቅ ከሥሩ የወጣው ኖርማን ኦዝቦርን ነው፤ ሀብታም የፋብሪካ ባለቤት፣ የፒተር የኮሌጅ ጓደኛ የሃሪ አባት። ኦዝቦርንም በበኩሉ የሸረሪት ሰው ማን እንደሆነ አውቋል። በግብግቡ መጨረሻ ግን ትውስታውን አጥቶ ወደ ደህና አባትነቱ ተመለሰ። ፒተርም ምስጢሩን ዋጠው፤ ከሃሪ ጋር አንድ ቤት እየኖረ ያ ትውስታ አንድ ቀን ይመለስ ይሆን እያለ ይሰጋል።

የ1971ዱ ታሪክ የሚነሣው ከዚህ ስጋት ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች

በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለስታን ሊ ደብዳቤ ጻፈ። ወጣቶች መጽሔትህን ያነባሉና የአደንዛዥ ዕፅን ጉዳት አስተምርልን የሚል ነበር። ሊ እሺ አለ። ስብከት እንዳይሆንበት ግን ምክሩን በታሪኩ ውስጥ ሸሸገው፤ ሥዕሉንም ጊል ኬን ሠራው።

በመጀመሪያው ክፍል ዕፅ የወሰደ አንድ ወጣት መብረር የሚችል መስሎት ከፎቅ ይዘላል፤ የሸረሪት ሰው ይይዘዋል። የሃሪ መከራ ግን የከፋ ነው። የሚወዳት ልጅ ሜሪ ጄን ችላ ስትለው ክኒን ይውጥ ጀመር፤ አብዝቶ ወስዶም ወደቀ። በዚሁ መሐል የአባቱ ትውስታ ተመልሶ ጎብሊን ለበቀል በሰማይ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ፒተር በአንድ ወገን ከጓደኛው ሕመም፣ በሌላ ወገን ከዚያው ጓደኛው አባት ጋር ተፋጠጠ።

ወሳኙ ቦታ መደምደሚያው ነው። የሸረሪት ሰው ባላንጣውን በቡጢ አላሸነፈውም። ወደ ሆስፒታሉ ስቦ ወሰደውና ሃሪ የተኛበትን አልጋ አሳየው። ጎብሊን ልጁን ሲያይ ጭምብሉ አላዳነውም፤ አእምሮው መሸከም አቅቶት ተዝለፈለፈ። ከተማ የሚያሸብረው ሰው በገዛ ቤቱ ምን እየሆነ እንዳለ አላወቀም ነበር።

ባለሥልጣኑ ይህን አይቶ ማኅተሙን ከለከለ። ዕፅ በማናቸውም መልክ፣ ለማውገዝም ቢሆን አይነሣም አለ። የማርቨል አሳታሚ ማርቲን ጉድማን ግን ከስታን ሊ ጎን ቆመ፤ ሦስቱም ቁጥሮች ያለ ማኅተም ወጡ። ሰማይ አልተደፋም። በዚያው በ1971 ደንቡ ተሻሻለ፤ ዕፅን እየነቀፉ መጻፍ ተፈቀደ። ተፎካካሪው ዲሲ በዓመቱ አጋማሽ «ግሪን ላንተርን» በተባለው መጽሔቱ የግሪን አሮውን ረዳት ስፒዲን የሄሮይን ሱሰኛ አድርጎ ሲያቀርብ ማኅተሙን አግኝቶ ነው። የፊተኛው አጥሩን ገፋው፤ የኋለኛው በበሩ ገባ።

ዛሬ ሲነበብ

ለእውነት ብንናገር ታሪኩ እንከን የለሽ አይደለም። ሃሪ የዋጠው ክኒን ምን እንደሆነ በትክክል አይነገርም። አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በጓደኞቹ መካከል ሳይሆን በመድረክ ላይ ቆሞ የሚናገር ይመስላል። የሱስ ረጅሙ ጎዳና፣ ማገገሙና መመለሱ በሦስት ቁጥር ተጠቃሏል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በድፍረት አሳይቷል። የሱስ በሽተኛው የድሃ ሰፈር ልጅ ሳይሆን የባለ ፋብሪካው ልጅ ነው። ጥቁሩ ተማሪ ራንዲ ሮበርትሰንም ዕፅን የጥቁሮች ችግር ብቻ አድርጎ ማየትን ፊት ለፊት ይሞግታል። በ1971 ይህን ለሕፃናት በሚሸጥ መጽሔት ላይ ማተም ቀላል አልነበረም።

የዎርታም ነገርስ? ወረቀቶቹ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ለተመራማሪዎች ተከፈቱ። በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር ማስታወሻዎቹን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይታ የልጆቹን ቃል እያጣመመና እያቀላቀለ እንደጻፈ አጋለጠች። ሆኖም ሰውየውን ጭምብል የለበሰ ክፉ ማድረግ አይገባም። በ1946 በሃርለም ለድሆች ክሊኒክ ከፍቶ ጥቁሮችን ያከመ፣ ምስክርነቱም የዘር መለያየትን ከትምህርት ቤት ባስወገደው ክርክር ውስጥ የጠቀመ ሰው ነው። በጎ አሳብ ይዞ ማስረጃ ማጣመም ይቻላል ማለት ነው። ከክፉ ሰው ውሸት ይልቅ የደግ ሰው ውሸት ረጅም ዕድሜ አለው፤ ማንም አይጠረጥረውምና።

ማርቨል ማኅተሙን በ2001 ተወው። ዲሲና አርቺ በ2011 ሲከተሉ ደንቡ ያለ ቀባሪ ሞተ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በ1973 ጎብሊን እንደገና ተመልሶ የፒተርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ ላይ ወረወራት። የሸረሪት ሰው ድሩን ዘርግቶ ቢይዛትም ሬሳዋን ነበር የሳበው። መልካም ሁልጊዜ ያሸንፋል የተባለለት ጀግና አልደረሰም። በዚያ በ121ኛው ቁጥር ሽፋን ላይ ግን ማኅተሟ አለች። አንዲት ንጽሕት ልጅ የምትገደልበት ታሪክ ጸደቀ፤ ልጆች ክኒን አትዋጡ ያለው ታሪክ ተከለከለ። ማኅተሟ የምትጠብቀው ልጆቹን ነበር ወይስ ጠባቂዎቹን ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሁለቱን ሽፋኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት በቂ መልስ ነው።