የገባውን ብቻ የሚቆጥር መጋዘን

ሰኔ 30 ቀን መርካቶ ሁለት መዝገብ ይዘጋል። አንደኛው የነጋዴው ነው። የበጀት ዓመቱ አለቀ ማለት ነውና ዕቃ ይቆጠራል፤ የገባው፣ የተሸጠው፣ በዱቤ የወጣው፣ አይጥ የበላው ሳይቀር ይሰላል። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ነው። ልጁ ሰርተፊኬቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ርእሰ መምህሩም ሪፖርቱን አጠናቅሮ ወደ ክፍለ ከተማው ይልካል። ስንት ተማሪ ተመዘገበ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ስንቱ ተዛወረ፤ ሁሉም በሠንጠረዥ አለ። «ስንቱ አንብቦ መረዳት ቻለ?» የሚለው ጥያቄ ግን ለብዙ ዘመን የሪፖርቱ ዋና ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

እስቲ አንድ የበርበሬ ተራ ነጋዴ መጋዘኑ የገባውን ኩንታል ብቻ እየመዘገበ የወጣውን ሳይመዘግብ ይነግድ። ስንት ወር ይቆያል? ጎረቤቱም ባለ ዕዳውም ይስቅበታል። አገራችን ግን ትምህርትን በዚህ ዓይነት ሒሳብ ስትመራ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን የምለው ግብ አልተጣለም ለማለት አይደለም። ኧረ ግብ አጥተንም አናውቅ! ነገሩ ያለው ግባችን ሲቆጥር የኖረው ምንን ነው የሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ግብ የተጣለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ልዑካን በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጥሪ ተሰብስበው በትምህርት ጉዳይ መከሩ። በጊዜው በአህጉሩ ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከደረሰ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ጉባኤው ይህን በሃያ ዓመት ውስጥ 100 በመቶ ለማድረስ ወሰነ። «የአዲስ አበባ ዕቅድ» የሚባለው ይኸው ነው። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ራሷ ግን ከአህጉሩ አማካይ እጅግ ዝቅ ያለች ነበረች። ሃያው ዓመት ሲሞላም ከልጆቿ ግማሹን እንኳ ትምህርት ቤት አላስገባችም። ግቡ በስሟ ቢጠራም ሊደርስባት አልቻለም።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን ሰፊ ጥናት አስጀመረ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነበር፤ ትምህርት ለጥቂት የከተማ ልጆች ብቻ መሆኑ ቀርቶ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ የሚል ነው። ነገር ግን መምህራን በጥናቱ በቂ ድምፅ አልተሰጣቸውም። ወላጁ ደግሞ ወሬውን ሲሰማ «ልጄ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ ሊደረግ ነው» ብሎ ተረዳው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አብረው አደሙ። ጥናቱ እንዲቆም ተደረገ፤ ዘውዱም ከዓመቱ አላለፈም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የሚያስተምረውና ልጁን የሚልከው ሰው ያልመከረበት ግብ ቁጥሩ ቢያምርም መሬት አይነካም።

ደርግ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። መሃይምነትን መጀመሪያ ከከተሞች፣ ቀጥሎም በስምንት ዓመት ገደማ ከመላ አገሪቱ ማጥፋት ነበር ግቡ። ዘመቻው በእውነት ትልቅ ነበር፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ የዩኔስኮንም ሽልማት አስገኘ። ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ተሸካሚው፣ የቤት ሠራተኛዋ በቀበሌ አዳራሽ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ በጣት አሻራ ፋንታ ስማቸውን መጻፍ የጀመሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ይህን መካድ ነውር ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ሆነ? መንግሥት በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተማረው ሕዝብ ከ70 በመቶ በላይ ደርሷል ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ዕድሜያቸው አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑት ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 23 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱ የመጣው የምስክር ወረቀት የተቀበለ ሁሉ «ተማረ» ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳነበበና ምን እንደረሳ ተመልሶ የጠየቀው ስላልነበረ ነው። የቆጠረው ቀበሌ ነው፤ ኮታውን የሚጠየቀውም ቀበሌ ነው። ሻጩም ሚዛን ያዡም አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለመርካቶ ሰው አይነገረውም።

ከዚያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም በግብ አጣጣል ረገድ ከቀደሙት የተሻለ ነበር፤ መነሻውንም መድረሻውንም በቁጥር አስቀምጧል። የመጀመሪያ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎን ከ30 በመቶ ወደ 50 በመቶ ማሳደግ፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጡትን ተማሪዎች ሃምሳ ላይ መገደብ፣ ከአንደኛ ክፍል የሚያቋርጡትን ከ28 በመቶ ገደማ በግማሽ መቀነስ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ተሳትፎው ግቡን አልፎ ከ60 በመቶ በላይ ሆኗል። ይህ በዓለም ፊት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የክፍሉ ቁጥር ግን እንደታሰበው ሃምሳ ላይ ሳይገደብ ሰባን አለፈ። የአንደኛ ክፍል አቋራጭም ከነበረበት ብዙ አልተነቃነቀም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው።

የብብቱን የሚመዝን ሚዛን የተገኘው በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ብሔራዊ የትምህርት ምዘና በአራተኛና በስምንተኛ ክፍል ተካሄደ፤ በየአራት ዓመቱም ተደገመ። የአራተኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5፣ በ2000 ዓ.ም. 40.9 በመቶ ነበር። የስምንተኛ ክፍሉ ከ41.1 ወደ 39.7፣ ከዚያም ወደ 35.6 ወረደ። ከፖሊሲው የማለፊያ ነጥብ፣ ከሃምሳ፣ አንድም ጊዜ አልደረሰም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻለም። የገባው ኩንታል በየዓመቱ ይጨምራል፤ የሚወጣው እህል ግን ነቀዝ በልቶታል።

በእርግጥ ዝም አልተባለም። በ1999 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ወጣ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ራሱን ገምግሞ የሦስት ዓመት ዕቅድ እንዲያወጣ ተደረገ። በ2001 ዓ.ም. የትምህርት ጥራት ማረጋገጫው ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ አመጣ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 26 ስታንዳርዶች ያሉት ኢንስፔክሽን ተጀመረ። ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 ነጥብ ይያዛል። ልብ በሉ፤ ከመቶው ስልሳው አጥሩ፣ ወንበሩ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ዕቅዱ፣ የአሠራሩ ነገር ነው። እነዚህ አያስፈልጉም አልልም። ሠላሳ ፋይል ያለው ርእሰ መምህርና ሠላሳ የሚያነቡ ልጆች ያሉት ርእሰ መምህር ግን በአንድ ሚዛን ሲቀርቡ ፋይሉ መቅለሉን ማንም ያውቃል።

ውጤቱ በስተመጨረሻ ዐደባባይ ወጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመሰረቅና ከመኮራረጅ እንዲድን የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ብዙ ሰው ደነገጠ። ነገር ግን እነዚያ ልጆች በ12ኛ ክፍል አልወደቁም፤ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ያልተነበበችው ቃል ናት አሥር ዓመት ተጉዛ የደረሰችው።

«እንግዲያው ሁሉንም በፈተና ውጤት እንመዝናቸው፤ ያላሳለፈ መምህርና ርእሰ መምህር ይባረር» የሚል ሰው ይኖራል። ይህንንም አሜሪካኖች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ በ2014 ማንም ልጅ ከሚጠበቀው ደረጃ በታች እንዳይሆን አዘዘ። አትላንታ ከተማ ውጤቷ ሽቅብ ሲወጣ ታየ፤ የከተማዋ የትምህርት ኃላፊም በ2009 በአገር ደረጃ የዓመቱ ምርጥ ተብላ ተሸለመች። በ2011 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ግን በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በማጭበርበሩ እንዳሉበት አረጋገጠ፤ ከፊሎቹ የልጆቹን የተሳሳተ መልስ በላጲስ እያጠፉ ያርሙ ነበር። የእኛ ቀበሌ በ1970ዎቹ ያደረገውን አትላንታ በላጲስ አደረገችው። ቁጥር እንጀራ ሲሆን ይዋሻል።

ታዲያ ለመርካቶ ትምህርት ቤት የሚበጀው ግብ ምን ዓይነት ነው? ከቢሮ የወረደ «የትምህርት ጥራትን በ15 በመቶ ማሳደግ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግብ አይባልም። ጥራት ስንት ኪሎ ነው? ግብ ማለት ለምሳሌ እንዲህ ነው። በኅዳር የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ፣ በስማቸው፣ አንዲት አጭር አንቀጽ ያንብቡ። ማንበብ ያቃታቸው አርባ ከሆኑ በሰኔ ወደ ሃያ ይውረዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ አሥር። የሚያስነብባቸው የራሳቸው መምህር ሳይሆን ከጉድኝቱ ማዕከል ሌላ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ይሁን። ውጤቱ መምህሯን ለመቅጣት አይዋል፤ ለአርባዎቹ ልጆች ተጨማሪ ሰዓትና መጽሐፍ ለመመደብ ይዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ግቡ ሰፈሩንም ይወቅ። መርካቶ በመስቀል ሰሞን ግማሽ ነዋሪው ጉራጌ አገር ይገባል፤ በአረፋ የስልጤው ልጅ ከአባቱ ጋር ይሄዳል። የመስከረም መቅረት በርእሰ መምህሩ ስንፍና የመጣ አይደለም። በዓል ሲቀርብ ልጁ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሱቅ ይጠብቃል፣ ፌስታል ይሸጣል። ሰፈር ሲፈርስ ቤተሰቡ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ይዛወራል፤ በኅዳር የተቆጠረው ልጅ በሰኔ የለም፤ በምትኩ ሌላ ገብቷል። ስለዚህ ልጁን ልጁን መከታተል እንጂ የክፍሉን አማካይ ማወዳደር አያዋጣም። ከተማ አስተዳደሩ በ2010ሩ ዓመታት የጀመረው የተማሪዎች ምገባ ልጁን ክፍል ውስጥ አቆይቶታል። ስንት ሳህን ቀረበ ብሎ መቁጠር ቀላል ነው፤ የጠገበው ልጅ ምን አነበበ ብሎ መጠየቅ ግን ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቢሮ እስኪያዝ መጠበቅም አያስፈልግም። የመርካቶ ወላጅ የሚያውቀው ሙያ ነው። የቦምብ ተራው፣ የሸማ ተራው፣ የምን አለሽ ተራው ሰው ሒሳብ ላይ አይታለልም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ዱቤ የወሰደ ደንበኛ ስም እንኳ በደብተሩ አለ። በወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ግን ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ተነጋግሮ ይወጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ «ባለፈው ኅዳር ማንበብ ያልቻሉት ስንት ነበሩ? ዛሬስ ስንት ናቸው?» መልሱ በደብተር ካልተጻፈ እንዲጻፍ ይጠይቅ። የተጻፈ እንደሆነም ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ አያጣጥለው፤ በእውነት የተመዘነ አንድ ኪሎ በወሬ ከተመዘነ ኩንታል ይሻላል።