የሙሺ ፊልም ቤት አነሣሥና አወዳደቅ

በታሪክ ትምህርታችን የነገሥታትን መነሣትና መውደቅ እናጠናለን፤ ነገር ግን የሥራ ቤቶችም ታሪክ አስተማሪ ነው።

ሕክምና ያጠናው ጃፓናዊ ኦሳሙ ቴዙካ የሥዕል ፍቅር አሸንፎት በ1961 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሙሺ ፕሮዳክሽን የተባለውን የሥዕል ፊልም ቤት በቶኪዮ አቋቋመ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ስለ ሮቦት ልጅ የሚተርከው «ቴትሱዋን አቶሙ» በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በየሳምንቱ የግማሽ ሰዓት ፊልም ለማድረስ ሲባል የሥዕሉ ብዛት ተቀነሰ፤ አፍና ዓይን ብቻ እየተንቀሳቀሱ የቀረው አካል ባለበት ይቆይ፣ የተሣለውም ተመልሶ ይሠራበት ነበር።

ሆኖም ቴዙካ ፊልሙን ከወጪው ባነሰ ዋጋ ሸጠ። ጉድለቱን የሚሸፍነው የሮቦቱን ምስል በዕቃ ላይ ለማተም ከሚከፈለው ገንዘብና ከውጭ አገር ሽያጭ ነበር። በ1965 ባለ ቀለሙ «የጫካው ንጉሥ» ቢከተልም ዕዳው አልቀለለም። ቴዙካ በ1971 ከኃላፊነቱ ለቀቀ፤ ቤቱም በ1973 ከሰረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው።

ሙያው ግን አልከሰረም። ከዚያ የወጡ ሠራተኞች በ1972 ሰንራይዝንና ማድሃውስን መሥርተዋል። እኛም ከዚህ የምንማረው፥ ትጋት ያለ ሒሳብ ቤትን እንደማያጸና፥ ለሌላው ያስተማሩት ዕውቀት ግን ከቤቱ በኋላ እንደሚኖር ነው።